ሁለት ወንበር የለሽ ሞተሮች በናዲፋ ላንድክሩዘር

ናዲፋ ሰውን የምትመዝነው ገመድ ሲያስር አይታ ነው። ሰላምታውን፣ ልብሱን፣ የአባቱን ስም ትተወዋለች፤ ጣቶቹን ብቻ ታያለች። ገመዱን አምስት ጊዜ ጠምጥሞ በቋጠሮ ላይ ቋጠሮ የሚደራርብ ሰው ካየች ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጋ፣ «ይሄ ሚስቱንም የያዛት እንዲህ ነው» ትላለች። ድሬ ዳዋ ውስጥ ይህን ፈተና ያለፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛዋ ራሷ ናት።

አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያላት ንብረት አንድ አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው፤ የኋላ በሮቹ ለሁለት የሚከፈቱ፣ በግራና በቀኝ ታጣፊ አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ከፀሐይ ብዛት ቀለሙ ነጭ ይሁን ቢጫ የማይለይ። ቤቷ እንኳ የኪራይ ነው። በዚህ መኪና የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ያዘዛትን ሁሉ ትጭናለች፤ ፍሪጅ፣ የሙሽራ አልጋ፣ የወፍጮ ሞተር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ የፀጉር ቤት ከነመስታወቶቹ። አንድም መስታወት አልተሰበረባትም። ይህን ስትናገር ኩራት አይታይባትም። የሚታይባት ሌሎቹ እንዴት ሊሰብሩ እንደሚችሉ ጨርሶ ያልገባት ሰው ንቀት ነው።

ይህ ዕውቀት ከየት እንደመጣ ማወቅ ደስ ይላል። አባቷ በአሮጌው ባቡር ዘመን የዕቃ ፉርጎ ጫኝ ነበሩ። ናዲፋ ልጅ ሆና ምሳቸውን ይዛ ጣቢያ ስትሄድ፣ እስኪበሉ ድረስ ፉርጎው ውስጥ ገብታ ጭነቱን ትመለከት ነበር። እሳቸው እየበሉ ያስረዷታል። ዕቃ የሚሰበረው ለመንቀሳቀስ ቦታ ሲያገኝ ነው ይሏታል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል፤ መንገዱ ሲጠመዘዝ ወደ ጎን፤ ጉድጓድ ሲመጣ ወደ ላይ። ጫኝ ዕቃውን አያስርም፤ ሦስቱን መንገዶች ይዘጋል። ከዘጋ በኋላ ደግሞ ይለካል።

ናዲፋም ትለካለች። ከኋላ ጎማው አናት እስከ ጎማ ሽፋኑ ጠርዝ ድረስ ባለው ክፍት ቦታ እጇን ታስገባለች። መኪናው ባዶ ሲሆን አንድ ስንዝርና አራት ጣት ነው። ያረጀው ባሌስትራ ለአንድ ኩንታል አንድ ጣት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ብትጭን አንድ ስንዝርና አንድ ጣት ታገኛለች ማለት ነው። የቀፊራ ነጋዴዎች ሚዛናቸውን ያጭበረብሩ እንደሆነ የምታውቀው በዚህ ነው፤ ሚዛኑን ሳታይ፣ ጎማው ሥር ተቀምጣ።

ባሏ ፋራህ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ደግ ነበር። ናዲፋ ስለ ደግነቱ ስታወራ ድምጿ ስለ በሽታ የሚያወራ ሰው ድምፅ ይሆናል። ድሬ ውስጥ ለሹፌር አማና መስጠት እንደ ሰላምታ ነው። ለሐረር እህት፣ ለጅጅጋ አጎት፣ «ይቺን ብቻ አድርስልኝ» ይባላል፤ እምቢ ያለ ሹፌር ደግሞ በሰፈሩ ክብር የለውም። ፋራህ እምቢ ብሎ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን «ለእናቴ ነው» ተብሎ የተቀበለው የብርድ ልብስ ጥቅል ኬላ ላይ ሲፈታ ከውስጡ የሲጋራ ስቴካ ተዘረገፈ። መኪናው ተያዘ። አሥራ አንድ ወር ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ጎማዎቹ በፀሐይ ተሰነጣጠቁ፣ አይጥ ሽቦዎቹን በላ። ፋራህ ስኳር በሽታው በርትቶበት በስምንተኛው ወር ሞተ። ብርድ ልብሱን የሰጠው ሰው ለቅሶ ላይ መጥቶ ከሁሉ የበለጠ አለቀሰ።

መኪናው ሲለቀቅ ናዲፋ አንድ ወረቀት ፈረመች። ወረቀቱ ላይ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሕገወጥ ዕቃ ይዞ ከተገኘ መኪናው እንደሚወረስ ተጽፏል። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ራሷ መሪውን ያዘች። ከዚያን ቀን ወዲህ አማና ተቀብላ አታውቅም። ሰፈሩ ልበ ደረቅ ይላታል። እሷም፣ «ልቤ ይድረቅ፤ መኪናዬ ግን ደጄ ላይ ታድራለች» ትላለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ዐብዲሐኪም መጣ። ታይዋን ገበያ ውስጥ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሁልጊዜ ሦስት ስልክ በእጁ የሚይዝና በአንዱም የማይመልስ ሰው ነው። በቅርቡ የሞተር ስፖርት ክለብ አቋቁሞ ሊቀመንበር ሆኗል። ክለቡ ሁለት ሞተርና አንድ ነጂ ነው። ነጂው ነህምያ ይባላል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ማሽን የሚጠግን፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ዝምተኛ ሰው። በማግስቱ ጠዋት ሐረር ላይ ትርኢት ስላላቸው ሞተሮቹ በዚያው ቀን መድረስ ነበረባቸው።

ናዲፋ ሞተሮቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው።

«ወንበሩስ?» አለች።

«የለውም» አለ ዐብዲሐኪም፣ እሱ ራሱ የፈጠረው ይመስል።

«ተሰርቆ ነው?»

«ኧረ አቦ፣ አባዮ ናዲፋ። ሲሠራ ነው እንዲህ። ትሪያል ነው የሚባለው።» አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

የተቀረውን ያስረዳት ነህምያ ነበር፤ ስለ ሞተር ሲሆን አፉ ይፈታለታል። ትሪያል ሞተር ለመንገድ አይደለም። በቋጥኝ ላይ፣ በወንዝ ድንጋይ ላይ፣ በግንድ ላይ ለመውጣት የተሠራ ነው። ነጂው ቆሞ ስለሚነዳ ወንበር አያስፈልገውም። ክብደቱ ሰባ ኪሎ ብቻ ነው፤ የቤንዚን ታንከሩ ከአንድ የውሃ ፕላስቲክ ብዙም አይበልጥም። ጎማው ድንጋዩን እንዲያቅፍ ነፋሱ ቀነስ ይደረጋል። ፍጥነት አይቆጠርም። የሚቆጠረው እግር መሬት የነካበት ጊዜ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ያሸንፋል። ነህምያ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አራት ዓመት የተለማመደው ይህንኑ ነው፤ እግሩን አለማውረድ።

«ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ምን ያመጣል?» አለች ናዲፋ።

«ይወርዳል» አለ ነህምያ።

ናዲፋ ጥቂት አሰበችና፣ «ከሊቀመንበሩ አንተ ትሻላለህ» አለችው።

ዐብዲሐኪም ሞተሮቹ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ይጫኑ አለ፤ እንዲታዩለት ነው። ናዲፋ ቀና ብላ አናቱን አየችው፣ እዚያም ላይ የሆነ ነገር ይጭን እንደሆነ የምታረጋግጥ ትመስላለች። ነገሩ ግን ሊብራራ የሚገባው ነው። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። መኪና ሲታጠፍ ከላይ ያለው ክብደት ከታች ካለው ይልቅ አጥብቆ ይገፋል፤ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ኩንታል ከወለል ላይ ሦስት ኩንታል የባሰ ነው። ወለል ላይ ያለ ጭነት መኪናውን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ገደሉን ያሳየዋል።

«ውስጥ ነው የሚገቡት» አለች።

«ሁለት ሞተር? እዚህ ውስጥ? አይገባም ወላሂ።»

«አንተ ስትጭነው አይገባም።»

መጀመሪያ ቤንዚኑን አስወጣች። ዐብዲሐኪም ሁለቱንም ታንከር እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወረፋ ይዞ ያገኘው ቤንዚን ነውና ጀሪካን ውስጥ ሲንቆረቆር ፊቱ እንደ ለቀስተኛ ሆነ። ድሬ ላይ ቤንዚን ያገኘ ሰው ባዶ ታንከር ማየት አይሆንለትም፤ የከተማው ሰው ሁሉ ልማድ ነው። ግን በቀትር ሙቀት፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ እስከ አፉ የተሞላ ቤንዚን ያብጣል፤ በመተንፈሻው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፤ ሽታው መኪናውን ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሲጋራ ለመለኮስ ቢያስብ ይበቃል።

«ሐረርም ቤንዚን አለ» አለችው። «ከሌለም ገፍተህ ታወጣዋለህ ድንጋዩ ላይ።»

ከዚያ የፊት ጎማዎቹን አስፈታች። ጎማው ሲወልቅ ሞተሩ ከፊት ዝቅ ይላል፤ ርዝመቱም ይቀንሳል፤ መሪውም ከጣሪያው ሥር ያልፋል። እዚህ ላይ ነህምያ ከኪሱ ሁለት ትንንሽ እንጨት አወጣና በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ሰካቸው። ጎማው በሌለበት አንድ ሰው የፍሬኑን እጀታ ቢጨብጥ ሸራዎቹ እርስ በርስ ይገጥሙና አይላቀቁም፤ እንጨቱ ይህን ይከለክላል። ናዲፋ ይህን አታውቅም ነበር። ዝም ብላ አየችው። ዝምታዋ ሰው ከእሷ ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ ምስጋና ነው፤ ነህምያ ግን አላወቀውም።

የመጀመሪያው ሞተር በኋላ ጎማው ቀድሞ ገባ፤ ሁለተኛው ደግሞ በፊቱ። እንዲህ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ሲሆን የሁለቱ መሪዎች አይጋጩም፤ የአንዱ ሰፊ ክፍል በሌላው ጠባብ ክፍል ጎን ይውላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዐብዲሐኪም ግን ሁለቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ታግሎ እጁን ልጦ ነበር። ጎማ የሌላቸው የፊት እግሮች አሮጌ ጎማ ላይ አረፉ። ቀበቶዎቹ ከመሪው ሥር ወደ ወለሉ መንጠቆዎች በአራት ማዕዘን ወረዱ፤ ጥብቅ፣ ግን የፊት እግሩ ስፕሪንግ እስከ ግማሽ ብቻ እስኪጨመቅ። ሙሉ በሙሉ ቢጨፈለቅ ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት ይፈነዳል፤ ጨርሶ ካልተጫነ ደግሞ ሞተሩ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ይዘላል።

በመጨረሻ ናዲፋ የሻንሲ ቁጥሮቹን ፈለገች። መሪው አንገት ላይ የታተሙ ናቸው። የአንዱ በኋላ በር በኩል እንዲታይ፣ የሌላው ከፊት ወንበሮቹ መካከል በሚገባ እጅ እንዲነካ አደረገች። ቀበቶ አልሸፈናቸውም።

«ዲክላራሲዮኑስ?»

«አለ። ከነማኅተሙ» አለ ዐብዲሐኪም፤ ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። እውነቱን ነበር። ቀረጡ ተከፍሎ፣ በሕግ የገቡ ሞተሮች ነበሩ። ይህን እያለ ግን ከሱቁ ያመጣውን ብርድ ልብስ ሊያለብሳቸው እየዘረጋ ነው።

«ምንድን ነው የምትሸፍነው?»

«ዐይን አለ አባዮ።»

«ዋርያ፣ ኬላ ላይ የሚፈተሸው የተሸፈነ ነው። ወረቀት ያለው ሰው ምን ያለብሳል? የታይዋን ሰው የገዛ ፓንቱንም በኮንትሮባንድ ነው የሚያጥበው።»

ብርድ ልብሱን ወርውራ አወጣችው። ጎማው ሥር ተቀምጣ ለካች፤ አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ተኩል። ሁለት ሞተር፣ አንድ መቶ አርባ ኪሎ፤ ልክ ነው። የኋላ በሮቹን ገጥማ፣ ዙሁር ልትሰግድና ቀትሩ እስኪያልፍ ጋደም ልትል ወደ ቤት ገባች። ድሬ ውስጥ በዚያ ሰዓት ማንም ሰው ምንም አይሠራም፤ ከተማው ሁሉ ጥላ ሥር ነው። መኪናውን የምትቆልፍበት የኋላ በር ቁልፍ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ስትመለስ ብርድ ልብሱ እንደገና ሞተሮቹ ላይ ነበር።

«ፀሐዩ ነው አባዮ» አለ ዐብዲሐኪም ፈጥኖ። «ፕላስቲካቸው ይቀልጣል። ስንነሳ አወጣዋለሁ።»

መነሳት ነበረባቸው፤ ሰዓቱ ሄዷል። ናዲፋ መሪውን ያዘች። ሁለተኛ አልለካችም። በኋላ ያን ቀን የናቀቻቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ራሷንም ያስገባችው በዚህ ምክንያት ነው።

ደንገጎን መውጣት እንደጀመሩ ዐብዲሐኪም ስለ ክለቡ የወደፊት ዕቅድ ያወራ ጀመር። ነህምያ መሐል ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። የመጀመሪያው መታጠፊያ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ናዲፋ ማውራቱን እንዲተው በእጇ ምልክት ሰጠችው። ሦስተኛው ላይ ፍጥነቷን ሆን ብላ ቀነሰችና መሪውን ቶሎ ዞር አደረገችው።

ይህን የሚያውቅ ሹፌር ጥቂት ነው። በትክክል የታሰረ ጭነት ከመኪናው ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ የሚሰማው አንድ ግፊት ብቻ ነው። ያልታሰረ ጭነት ግን መኪናው አዘንብሎ ካቆመ በኋላ ነው ተንሸራትቶ የሚደርሰው። ስለዚህ ሁለት ግፊት ይሰማል፤ አንዱ የመኪናው፣ ሁለተኛው ዘግይቶ የመጣው የዕቃው። ናዲፋ ሁለተኛውን ወገቧ ላይ ሰማችው።

ዳር ይዛ አቆመች። የእጅ ፍሬኑን ያዘች፤ ወርዳ ድንጋይ ጎማው ሥር አስገባች። ከዚያ ተቀምጣ እጇን ሰደደች። አንድ ስንዝርና አንድ ጣት ተኩል።

«አንድ ጣት ጎድሏል» አለች።

ዐብዲሐኪም በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «የሰው ክብደት ይሆናል፤ እኔ ትንሽ ወፈር ብያለሁ...»

«አንተ ፊት ነው የተቀመጥከው። ይሄ የኋላ ጎማ ነው።»

በሩን ከፈተች፤ ብርድ ልብሱን ገለጠች። በሁለቱ ማዕዘኖች፣ በሞተሮቹና በመኪናው ጎን መካከል፣ ሦስት እዚህ ሦስት እዚያ፣ ስድስት ካርቶን ተደርድሯል። የስልክ ቻርጀር ነው። ቀረጥ ያልተከፈለበት መሆኑን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ በቀትር አይጫንም። ኬላው ከፊታቸው ሁለት መታጠፊያ ነበር።

መኪናውን ነበር የምታየው፤ ጎማውን፣ በሩን፣ የተላጠውን ቀለም።

«ቦታው ባዶ ነበር እኮ» አለ ዐብዲሐኪም፣ ወርዶ እየመጣ። «አባዮ፣ ባዶ ቦታ ጭኖ መሄድ ሐራም ነው። ወረቀቱ ለሞተሮቹ አለ። ወረቀቱን ካዩ ሌላውን ማን ያያል?»

«ወረቀት ያለው ዕቃ ጀርባ ወረቀት የሌለው ደበቅክ።»

«ንግድ ነው።»

«አህያም እንዲህ አይነግድም። ሁለት ንጹሕ ሞተር ይዘህ፣ ትርኢት ተጠርተህ፣ ስምህ በወረቀት ተጽፎ፣ ሰላማዊ ሰው መሆን ለአንድ ከሰዓት በኋላ አቃተህ?»

ወደ ነህምያ ዞረች። «አንተ አይተሃል?»

ነህምያ ጫማውን ተመለከተ። «እትዬ፣ ሞተሮቹ የሱ ናቸው።»

«ጎማዎቹ የኔ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ ሞተር ስታወጣ ኖረህ፣ አንድ ቃል ከአፍህ ማውጣት አቃተህ። አውርድ።»

ነህምያ አወረደ። ስድስቱም ካርቶኖች መንገዱ ዳር ተደረደሩ። ዐብዲሐኪም አንዱን ሲመልስ ናዲፋ ሁለት ታወርዳለች፤ በመጨረሻ ደክሞት ቆመ። ከዚያ ደረት ኪሱን ያዘ።

«እንግዲያው ዲክላራሲዮኑም ከኔ ጋር ይቀራል» አለ። «ያለሱ ኬላውን አታልፊም። ወይ ሁሉም ይሄዳል፣ ወይ ምንም አይሄድም።»

ያሸነፈ መስሎት ፈገግ አለ። ናዲፋ ወደ ውስጥ ገብታ የመጀመሪያውን ቀበቶ ፈታች፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ሥራዋ ፈጣንም ዝግተኛም አልነበረም፤ ዕቃው የደረሰበት ቦታ የሚያራግፍ ጫኝ እንደሚያደርገው ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም አይሄድም አልክ። እዚሁ ላወርድልህ ነው። ከካርቶኖቹ ጋር ክለብ ታቋቁማለህ።»

ሦስተኛው ቀበቶ ላይ ስትደርስ ወረቀቱ በበሩ በኩል ገባ። ናዲፋ ተቀብላ አነበበችው፤ ቁጥሮቹን ከሞተሮቹ አንገት ጋር አስተያየች፤ ቀበቶዎቹን እንደገና አጠበቀች፤ ለካች። አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ተኩል።

«አንተም ግባ» አለችው። «ሰው እጭናለሁ። ካርቶን አልጭንም።»

ዐብዲሐኪም ካርቶኖቹን አየ። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ዝንጀሮዎችም ያዩዋቸው ነበር። «እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ?» አለ። እሱን ከነካርቶኖቹ ጥለውት ሄዱ።

ኬላው ላይ ፈታሹ የኋላ በሮቹን ሲከፍት ናዲፋ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ብርድ ልብስ የለም፤ ሁለት ሞተር፣ አራት ማዕዘን የወረዱ ቀበቶዎች፣ ቁጥሩ ፊት ለፊቱ። የመጀመሪያውን ቁጥር ፊደል በፊደል ከወረቀቱ ጋር አነበበ። ለሁለተኛው ወደ ፊት መጣ፤ እጁን በወንበሮቹ መካከል አስገብቶ በስልኩ መብራት አየ። ከዚያ ተመልሶ ማዕዘኖቹን በእጁ ዳሰሰ፤ ግራውን፣ ቀኙን። ወለሉ ላይ ካርቶኖቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ይልቅ አቧራው የተጠረገ ነበር። ፈታሹ ጣቱን አየ።

«ይቺ መኪና ከዚህ በፊት ተይዛ ታውቃለች» አለ ፈታሹ የታርጋውን ቁጥር ከመዝገብ እያየ።

«ባሌ ነበር።»

«አሁንስ ማን ነው የሚጭነው?»

«እኔ።»

ፈታሹ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረጋቸው። አንዱም አልተነቃነቀም። «ሂጂ» አላት።

ሐረር ሲደርሱ ነህምያ የፊት ጎማዎቹን መልሶ ገጠመ። እጀታዎቹን ሞከረ፣ ቸርኬውን አዞረ፤ አንድም የተጣመመ፣ አንድም የተጫረ ነገር አላገኘም። አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ሁለት ጊዜ ወደ መስኮቱ መጣና ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ፣ «እትዬ፣ መናገር ነበረብኝ» አለ።

«ነበረብህ» አለች። «ነገ እግርህን እንዳታወርድ።» መኪናውን አዞረች።

ደንገጎን ስትወርድ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ዐብዲሐኪም እዚያው ነበር። ከስድስቱ ካርቶን አንዱን ወንበር አድርጎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ አቧራ፣ ፊቱ ቀይ። አንዱ ካርቶን ጥጉ ተቀዷል፤ ሁለት ዝንጀሮዎች የቻርጀር ገመድ ይጎትታሉ፣ እሱም ጠጠር ይወረውርባቸዋል። መኪናዋን ሲያይ ብድግ አለ። ናዲፋ አጠገቡ አቆመች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም።

«ስንት መኪና አቆምኩ መሰለሽ» አለ። «ሁሉም ምንድን ነው ይላሉ። ብርድ ልብስ ነው እላቸዋለሁ፤ ይሄዳሉ።»

«ለሰው አትደውልም?»

ሦስቱንም ስልክ ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። «ዘግተዋል።»

ናዲፋ የተቀመጠበትን ካርቶን አየች። ካርቶኑ ላይ የቻርጀር ሥዕል አለ። አንድ ኩንታል ቻርጀር ላይ ተቀምጦ ስልኩ የሞተበት ሰው በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ እንዲህ ላለ ሰው ሳቋን ማውጣት ግን አልፈለገችም።

«ግባ» አለች። «ቅድም ያልኩህ ነው። ሰው እጭናለሁ።»

«አባዮ፣ አሁን እኮ ወደ ታች ነው። ወደ ድሬ። ኬላው ከኋላሽ ቀርቷል፤ ማን ይይዝሻል? ሱቄ ደጃፍ ብቻ አድርሽልኝ። አማና።»

እውነቱን ነበር። ከዚያ ወደ ታች የሚያቆማት ማንም አልነበረም፤ ናዲፋም ይህን ከእሱ በተሻለ ታውቃለች። የኋላው ባዶ ነበር፤ ካርቶኖቹ ሁሉ ገብተው ቦታ ይተርፋል። እጇን ወደ በሩ አልሰደደችም።

«እስከ አሥር እቆጥራለሁ» አለች።

ዐብዲሐኪም ወደ መኪናው አንድ እርምጃ መጣ። ከዚያ ወደ ካርቶኖቹ ዞረ። አንዱ ዝንጀሮ አንድ ሙሉ ፓኬት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ አየና ድንጋይ ወረወረበት፤ ሳተው። ሲመለስ ናዲፋ ሰባት ላይ ደርሳለች። በሩን ያዘ። ለቀቀው። እንደገና ያዘው።

«ሌላ መኪና ይመጣል» አለ በመጨረሻ፣ እጁን ከበሩ አንስቶ።

«ይመጣል» አለች። «ጠይቆ የማያይ ሹፌር ድሬ ሞልቷል።»

ግማሽ የቀረውን የውሃ ፕላስቲኳን በመስኮቱ ሰጠችው፤ ሰው ነውና ይጠማዋል። እሱም ተቀብሎ ካርቶኑ ላይ መልሶ ተቀመጠ። ናዲፋ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች።